ስቶን ታውን ውስጥ ለጥንዶች ፎቶ ቦታ መረጣ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሥራው

ከአዲስ አበባ ለጫጉላ ዛንዚባር የሚገቡ ጥንዶች ፎቷቸውን በብዛት የሚነሱት ሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊ አሸዋ ላይ ነው። ለጥንታዊቷ ከተማ ለስቶን ታውን የሚተርፋት ከመመለሻ በረራ በፊት ያለችው የጥድፊያ ሰዓት ናት፤ ያቺም አብዛኛውን ጊዜ ቀትር ላይ ትውላለች። በዚያ ሰዓት የተነሱ ፎቶዎች ብዙ አይቻለሁ፦ የተኮማተረ ግንባር፣ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ፣ ከጀርባ አስጎብኚ የሚከተል ሰልፍ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ከተማ ናት። ግድግዳዎቿና በሮቿ ፎቶ ላይ የሚያምሩት በሰዓታቸው ሲደረስባቸው ነው፤ ይህን ሥራ የጀመርኩትም ለዚህ ነው።

የምሠራው ሰንጠረዥ ነው። ለአንድ ጥንድ የሚሆን፣ ሙሉ በሙሉ በእግር የሚሄዱበት፣ የጠዋትና የምሽት ክፍል ያለው። በየቦታው ትይዩ ሰዓት፣ የብርሃን አቅጣጫ፣ የባሕሩ ሁኔታ፣ ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ይሞላል። ክፍያ ያለበትን ሥራ የሚያነሳው ፈቃድ ያለው የደሴቲቱ ተወላጅ ባልደረባዬ ነው፤ የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ ደንበኛ ተቀብሎ ማንሳት አይችልም። የእኔ ድርሻ ቦታ መምረጥ፣ ጥንዶቹን ማዘጋጀትና ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) መያዝ ነው።

እዚህ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓቱን እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ የሰዓት ቀጠናውም ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ሆቴሎች ግን በፈረንጆቹ ሰዓት ይናገራሉ። ባለጀልባ በአንዱ፣ ሆቴል በሌላው ሲናገር ቀጠሮ ስለሚምታታ «ፀሐይ ከመጥለቋ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት» ብዬ መናገር ጀምሬያለሁ። እስካሁን የተምታታ የለም።

ከመውጣት በፊት፦ ፀሐይ

ስቶን ታውን በደሴቲቱ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ወደ ባሕር የወጣች ናት። ስለዚህ ፀሐይ ከከተማው ጀርባ ወጥታ ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች። የባሕር ዳር ሕንፃዎች ፊት ጠዋት ጥላ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ይመታል፣ ማታ ወርቅ ይሆናል። ይህን ማወቅ ብቻ የቦታዎቹን ግማሽ ወደ ጠዋት፣ ግማሹን ወደ ማታ ከፈለልኝ።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች መጥለቂያዋ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ በግምት ከ12 ሰዓት ከሩብ እስከ ሩብ ጉዳይ ለ1 ባለው ውስጥ ነው። ግን ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ለስላሳው ብርሃን አይቆይም። ከአድማስ 6 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ከታየችበት ጀምሮ እስክትጠልቅ ያለው 25 ደቂቃ ገደማ ነው። አውሮፓ ውስጥ በተዘጋጁ የፎቶ ትምህርቶች «አንድ ሰዓት ሙሉ ወርቃማ ብርሃን» የሚለው እዚህ አይሠራም። በዚያ 25 ደቂቃ ውስጥ አንድ ቦታ፣ ቢበዛ ተያይዘው ያሉ ሁለት ቦታዎች እንጂ ሦስት አይያዝም።

ሌላው የምትጠልቅበት አቅጣጫ ነው። በሰኔ አጋማሽ ከትክክለኛው ምዕራብ 23 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ፎሮዳኒ መናፈሻ ፊቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ በሰኔ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ባሕሩ ላይ ትገባለች። በታኅሣሥ ወደ ግራ፣ ወደ ሻንጋኒ ሰፈር በኩል ትሸሻለች። አንድ ሰው የሰኔ ፎቶ አሳይቷችሁ በታኅሣሥ ያንኑ ብትጠብቁ አታገኙትም። ሰንጠረዡ ላይ «ፎሮዳኒ» የሚለውን አንድ መስመር ለሁለት ወቅት ከፍዬዋለሁ።

ለዚህ የስልክ ላይ የፀሐይ አቅጣጫ መተግበሪያ ተጠቀምኩ። በባሕሩ ዳር በትክክል ይሠራል። በከተማው ውስጥ ግን በጠባቦቹ መንገዶች ረጃጅም ግድግዳዎች መካከል ጂፒኤሱ ስለሚሳሳት ከአንድ ቅያስ ወደ ሌላው ይዘልላል። ለውስጡ ተራ ኮምፓስና በእጅ የተሳለ ካርታ ይሻላል።

ባሕሩ

ስለ ባሕሩ መሙላትና መጉደል ሳያስቡ ሻንጋኒ አሸዋ ላይ ፎቶ ማቀድ አይቻልም። እዚህ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በሙሉ ጨረቃና በጨረቃ መባቻ ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በመሐል ባሉት ቀናት ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው የሰዓቱ ድግግሞሽ ነው። በሙሉ ጨረቃና በመባቻ ሰሞን ባሕሩ 10 ሰዓት አካባቢ ከሰዓት በኋላ ይሞላል፣ ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ይጎድላል። ከዚያ ጥቂት ቀን አለፍ ሲል ሙላቱ እየዘገየ መጥቶ ልክ ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ላይ ይወድቃል፤ ሻንጋኒ ላይ ያለው አሸዋ ያኔ ጠቦ ማዕበሉ ወደ ግንቡ ይጠጋል። በተቃራኒው ከሙሉ ጨረቃ ወይም ከመባቻ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ያሉት ምሽቶች ባሕሩ ወደ ጉድለቱ እየሄደ ሳለ ፀሐይ ስለምትጠልቅ እርጥብና ሰፊ አሸዋ ይተውልናል። እርጥቡ አሸዋ ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ ጥንዶቹ በእግራቸው ሥር ሁለተኛ ሰማይ ያገኛሉ። ከዚህ በኋላ ደንበኛ ቀን ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው የጨረቃውን ቀን ነው። ትክክለኛውን ሰዓት ግን ሁልጊዜ ከታተመው የባሕር ሠንጠረዥ እናያለን።

ረፋድ ላይ በጎደለው ባሕር ማንሳትም ሞክረን ነበር። አሸዋው ሰፊ ነው፣ ሰው የለም። ግን የተተዉ ገመዶችና የባሕር ሣር ይወጣሉ፣ ፀሐይዋም ያን ጊዜ ከፍ ብላለች። አልተስማማንም፤ ከዝርዝሩ ወጣ።

ቅያሶቹ

ከተማዋ የተሠራችው ከኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከሙት የማንግሮቭ እንጨቶች ናቸው። ቤቶቹ ሁለትና ሦስት ፎቅ ሆነው መንገዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በሚያስኬድ ስፋት ያሉ ናቸው። ፀሐይ መሬቱ ድረስ የምትደርሰው እምብዛም ነው፤ በየካቲት መጨረሻና በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ስትቆም ብቻ ቀጥ ያለ ጨረር ወለሉን ለጥቂት ጊዜ ይመታል። ያንን ጨረር ለፊት አንፈልገውም።

እዚህ የሚሠራው ከላይ የሚመለሰው ብርሃን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ የምዕራቡን ግድግዳ የላይኛውን ክፍል ትመታለች። ግድግዳው ኖራ ስለሆነ ብርሃኑን መልሶ ወደ ታች ይልከዋል። ጥንዶቹ ፊታቸውን ወደ በራው ግድግዳ ካዞሩ ለስላሳ፣ ሰፊ፣ ከላይ ወደ ጎን የሚወርድ ብርሃን ያገኛሉ፤ የስቱዲዮ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ ሳጥን) ያህል ለስላሳ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተው ከቆሙ ግን ዓይናቸው ጨለማ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ደግሞ የምሥራቁ ግድግዳ ይበራል፤ አቅጣጫው ይገለበጣል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ቅያስ «የሚበራው ግድግዳ» የሚል ዓምድ ጨምሬያለሁ። ከሁሉም ዓምዶች ይበልጥ የሚጠቅመኝ እሱ ሆኗል።

ባልደረባዬ ሁሩምዚና ጊዜንጋ መንገዶችን ጠቁሞኝ ነበር። ጊዜንጋ ውብ ነው፣ ግን የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ሸቀጣቸውን በሁለቱም ወገን ይሰቅላሉ፤ ከተከፈቱ በኋላ ጀርባው ሁሉ ጨርቅና ሥዕል ይሆናል። ከ2 ሰዓት በፊት ከተደረሰ ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ ግድግዳውና የእንጨት መስኮቶቹ ብቻ ይቀራሉ። የሚበራ ግድግዳ ግን ያኔ ገና የለም። ሁለቱ ሊገጥሙልኝ ስላልቻሉ ጊዜንጋን ለመራመጃ ፎቶ ብቻ አስቀርቼ፣ የፊት ፎቶውን ከሁሩምዚ ወደ ውስጥ በሚገቡት መጠሪያ ለሌላቸው ቅያሶች አዛውሬዋለሁ።

የኤሌክትሪክ ሽቦ የሌለበት ቅያስ የለም። ኮምፕሬሰር፣ ቆጣሪ፣ ቱቦ በየግድግዳው አለ። መጀመሪያ ላይ ሽቦ ያለበትን ሁሉ እየሰረዝኩ ነበር፤ ዝርዝሩ ሊያልቅ ሆነ። አሁን የማደርገው ዝቅ ብዬ በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ማየት ነው። ከወገብ በታች ካየሁት ሽቦው ከፍሬሙ ካልወጣ ቦታውን እተወዋለሁ፤ ከወጣ እይዘዋለሁ። በኮምፒዩተር ሽቦ ማጥፋት ጊዜ ይበላል፤ ከዚያም በላይ ከተማዋ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ሽቦዋን አጥፍቶ ሙዚየም ማስመሰል አልወድም።

ሌላው የሞተር ብስክሌት ነገር ነው። ጡሩምባ ሰምተው ጥንዶቹ ግድግዳ ላይ ካልተለጠፉ መተላለፊያ የለም። ማዕዘን አጠገብ ማንም አይቆምም፤ ግራና ቀኝ ራቅ ብሎ የሚታይበት ቀጥ ያለ ቦታ ብቻ ነው የምንመርጠው። እኔ በአንዱ ጫፍ ሪፍሌክተር ይዤ እቆማለሁ፣ የሚመጣ ካለ እጄን አነሳለሁ።

በሮቹ

ስቶን ታውን ስትነሳ በር ይነሳል። ባለ አራት ማዕዘን ጉበን ያላቸው፣ የዐረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው አሉ። ከላይ በቅስት የሚያልቁና ከሕንድ የመጣ ቅርጽ ያላቸውም አሉ። ብዙዎቹ ላይ ሾጣጣ የነሐስ ጉብጉቦች ተተክለዋል፤ በሕንድ ዝሆን በሩን እንዳይገፋ ይደረግ የነበረ ነው ይባላል። በዛንዚባር ዝሆን የለም፣ ጌጡ ግን ቀርቷል።

ለሐበሻ ልብስ ከበሩ የተሻለ ጀርባ አላገኘሁም። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ በነጭ የኖራ ግድግዳ ፊት ሲቆም ልብሱ ይጠፋል፤ ካሜራውም ነጩን አይቶ ኤክስፖዠሩን (የሚቀበለውን ብርሃን) ስለሚቀንስ ፊት ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን ከፍ ካደረግን ደግሞ የጥበቡ ዳር ይነጣል፣ ሽመናው አይታይም። ጥቁር ቡናማ በር ፊት ግን ቀሚሱ ይወጣል፣ የጥበቡ ቀለም ይለያል፣ የጠይም ፊት ዝርዝርም ይቀራል። ብርሃኑን ፊት ላይ መለካት፣ ከዚያ ሂስቶግራሙ (የካሜራው የብርሃን መጠን ግራፍ) ላይ የቀሚሱን ነጭ ማየት። ሪፍሌክተሩ ነጩ ገጽ ነው፤ የብሩ ገጽ ለቅያሱ በጣም ይበረታል፣ ዓይንም ያስጨፍናል። ግድግዳ የግድ ከሆነ ልስኑ የተላጠ፣ ሥሩ ያለው ግራጫ ድንጋይ የወጣ፣ ዝናብ ያወየበው ግድግዳ ይመረጣል። ንጹሕ ነጭ ግድግዳ ለባለ ቀለም ልብስ ነው።

አንድ ነገር ግን ነሐሱ ላይ አጋጠመን። ሙሽራዋ ፊቷን ወደ ባሏ አዙራ ወደ በሩ ስትጠጋ የነጠላዋ ጫፍ ጉብጉቡ ላይ ያዘ። ስትራመድ ክሩ ተሳበ፤ ከጥበቡ አጠገብ አንዲት ቀጭን መስመር ተኮማትራ ቀረች። በጥፍሯ እየለቀቀች ቀስ ብላ አስተካከለችው፤ የቀረውን ክር ባሏ በጣቶቹ መካከል አድርጎ አለሰለሰላት። (ያንን ጊዜ ባልደረባዬ አነሳው፣ ከቀኑ ፎቶ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።) ከዚያ ወዲህ ነጠላ ካለ ከበሩ አንድ ክንድ ርቀት ይቆማሉ፤ የነጠላውም ጫፍ ከበሩ ተቃራኒ ባለው ትከሻ ላይ ይሆናል። ርቀቱ ሌላም ጥቅም ሰጥቷል፦ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ የበሩ ቅርጽ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ፊታቸው ይቀድማል።

በር የሰው ቤት ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ ባራዛ የሚባሉ የድንጋይ መቀመጫዎች አሉ፤ ሰው ይቀመጥባቸዋል፣ ያርፍባቸዋል፣ ዕቃ ያስቀምጥባቸዋል። ማንም ከሌለ ብለን ካሜራ አናነሳም። ባልደረባዬ ያስተማረኝ ቅደም ተከተል፦ ሽማግሌ ከሆኑ «ሺካሞ» ተብሎ ይጠበቃል፤ «ማራሃባ» ሲሉ ስለ ጤናቸው ተጠይቆ ነው «ናኦምባ ኩፒጋ ፒቻ» የሚባለው። ለአንድ በር ይህ ጊዜ ይወስዳል። በሰንጠረዡ ላይ ለመጠየቂያ የተለየ ጊዜ መድቤያለሁ። አንዲት እናት በራቸው ላይ የተሰጣውን ልብስ ራሳቸው አንስተው፣ ደጁን ጠርገው፣ ከዚያ «አሁን አንሱ» አሉን። ሌላ ቤት እንቢ ተባልን፤ ያ በር ከዝርዝሩ ወጣ፣ ቁጥሩም ለማንም አይሰጥም። የሚያገለግሉን በሮች ቁጥር ትንሽ ነው፣ ሁሉም ግን ባለቤታቸው የሚያውቁን ናቸው። ፎቶው ሲታተም አንድ ቅጂ ይደርሳቸዋል፤ ወጪው ደንበኛው ላይ ሳይሆን እኛ ላይ ነው።

ከዝርዝሩ የወጡ

ቤት አል አጃኢብ፣ ማለትም «የድንቆች ቤት»፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ለሱልጣን ባርጋሽ የተሠራው ሕንፃ፣ በፎቶ ሁሉ ላይ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በከፊል ተደርምሶ ሰው ሞቶበታል። ጥገና ላይ ስላለ አጥርና የብረት መወጣጫ ፊቱን ይሸፍነዋል፤ ለጊዜው አልያዝኩትም።

የአንግሊካኑ ካቴድራል የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ግቢው ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ሐውልት አለ። ሕንፃው ያምራል፤ አንዳንድ ጥንዶችም በስሙ ይጠይቁኛል። እዚያ ጥንዶች አናነሳም። መጎብኘት ከፈለጉ በሌላ ቀን፣ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ፣ አስጎብኚ ይዘው ይሂዱ እላለሁ። ከእኛም ምድር ሰው በባርነት ተሸጦ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። በዚያ ቦታ ቬሎ ዘርግቶ መሳቅ አይሆንልኝም።

ዳራጃኒ ገበያ፦ ሰው ሥራ ላይ ነው፣ መንገድ መዝጋት ይሆናል። ወጣ።

ጆውስ ኮርነር፦ ሽማግሌዎች ዶሚኖ የሚጫወቱበትና ቡና የሚጠጣበት ማዕዘን ነው። ለጥንዶች ፎቶ ሳይሆን ለማረፊያ ይዤዋለሁ። ቡናው በትናንሽ ስኒ ይመጣል፤ እንደ እኛው ሦስተኛ ስኒ ድረስ መቀመጥ ይቻላል። ካሜራ አይወጣም።

መስጊዶች፦ ስቶን ታውን ውስጥ ሚናሬት የሌላቸው፣ ከመኖሪያ ቤት የማይለዩ መስጊዶች ብዙ ናቸው። ቆንጆ ደጅ ብለን የቆምንበት የጸሎት ቤት እንዳይሆን ደጃፉ ላይ የተደረደረ ጫማ፣ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ እናያለን፣ ሰው እንጠይቃለን። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት በውስጥ ቅያሶች አንሠራም። በረመዳን የቀን ፕሮግራም አንይዝም።

ወደብና የፖሊስ ቦታ አካባቢ ካሜራ አይከፈትም፤ የባሕር ዳሩን ሚዚንጋኒ መንገድ ይዘን ስንሄድ ወደቡ ሳይደርስ እንመለሳለን። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ለአንድ ጥንድ ብሎ የፈቃዱን ሂደት መጀመር አያዋጣም፣ ተውነው።

ማታ

ሚዚንጋኒ መንገድ ላይ ያለው የድሮው ዲስፔንሰሪ (የቀድሞ የሕክምና መስጫ) የእንጨት ሰገነቶቹ እንደ ጥልፍ የተፈለፈሉ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ያለው ፊቱ ይበራል። 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብርሃኑ ገና ጠንካራ ቢሆንም ከዛፎቹ ሥር ጥላ አለ፤ ጥንዶቹን ጥላው ውስጥ አቁመን ሕንፃውን ከኋላ በብርሃን ማስቀረት ይቻላል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ስለሆነ ፊትን በሪፍሌክተር ማንሳት ያስፈልጋል።

ፎሮዳኒ ማታ የምግብ ገበያ ይሆናል፤ ጭስና መብራት ይመጣል። ከዚያ በፊት ከግንቡ ላይ ወጣቶች ወደ ባሕር እየዘለሉ ይጫወታሉ። ጥንዶቹን ግንቡ ላይ አስቀምጦ ዘላዮቹን ከኋላ ማስገባት ሁሉም የሚያስበው ነው። ልጆች ስላሉበት ጠይቀን ነው የምናነሳው፤ ካልተፈቀደ ፊታቸው በማይታይበት በጀርባ ብርሃን። የምግብ ገበያው ሲጀምር ደግሞ የሽያጭ ጠረጴዛዎቹ መብራት ብቻ በቂ ሆኖ አገኘነው፤ የካሜራው ቅንብር፦ ኤፍ 1.8፣ አይኤስኦ 3200፣ ሸተር 1/160። የፋኖሱ ቀለም በጣም ቢጫ ስለሆነ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በግራጫ ካርድ እናስተካክላለን፤ አለዚያ የጠይም ፊት ብርቱካን ይሆናል።

ጀልባውን ሁለት ዓይነት አድርገን ሞከርነው። አንደኛው ጥንዶቹ ዳው በሚባለው ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ሆነው እኛም አብረን፤ ጠባብ ነው፣ ሸራው ፀሐይዋን ይጋርዳል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው እኛ ሻንጋኒ አሸዋ ላይ ሆነን ሌሎች ዳዎች ከኋላ ሲያልፉ መጠበቅ። የሁለተኛው ፎቶ ይሻላል፣ ኪራይም የለውም። ጀልባ የሚፈልጉ ካሉ ለራሳቸው ደስታ ይሳፈሩ፤ ሸራው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ከዳር እናነሳለን።

ነፋሱ በወቅት ይለያያል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካስካዚ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ኩሲ ከደቡብ ይመጣል። በካስካዚ ሚዚንጋኒ ላይ ነጠላና ቬሎ ይውለበለባል። ያኔ ጥንዶቹ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ይሰጣሉ፣ ፀጉርም ልብስም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ዕቃ

ሁለት ሌንስ ብቻ፦ 35 እና 85። ሙሉ ቦርሳ ይዞ መዞር በቅያሱ ሰው ማስቸገር ነው። ትራይፖድ መንገድ ስለሚዘጋ አንይዝም። ፍላሽ ለምሽቱ ብቻ፣ እሱም ብዙ ጊዜ አይወጣም።

ያስቸገረን እርጥበቱ ነው። ከኤሲ ክፍል የወጣ ካሜራ ቅያሱ ላይ ሌንሱ በጉም ይሸፈናል፤ መጥረግ አይረዳም፣ መልሶ ይሸፍነዋል፣ የጠዋቱም ጥሩ ብርሃን ያልፋል። ካሜራውን ማታ ኤሲ ከሌለበት ክፍል ማሳደር መፍትሔ ሆነልን። የማይቻል ከሆነ በተዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ቀደም ብሎ ይወጣል፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል ከረጢቱ አይከፈትም። ሻንጋኒ ላይ ጨው ሌንሱ ላይ ይቀራል፤ በደረቁ ከተጠረገ ይጭራል፣ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ነው።

ወጪ

ጥንዶቹ መንገድ ሳይጀምሩ የሚያውቁት አንድ ቁርጥ ዋጋ አለ፦ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ አዋቂ የውጭ ጎብኚ የደሴቲቱን ኢንሹራንስ 44 ዶላር ይከፍላል፤ ለጥንድ 88 ነው። ከሌላ ኩባንያ የተገዛ የጉዞ ኢንሹራንስ አይተካውም። ይህን የማልነግራቸው ከሆነ ኤርፖርት ላይ ይበሳጫሉ፣ ፊታቸው ላይ ይታያል።

በእኛ በኩል ትልቁ ወጪ ጀልባው ነበር፤ አሁን ስለተወው የቀረው የሰው ነው። ባልደረባዬ፣ በጠዋት ቅያሱን የሚያውቅ ረዳት፣ ለባለ በሮቹ የሚታተም ፎቶ። ከፍ ያለ ሰገነት ያላቸው ምግብ ቤቶች ሻይ ከተገዛ ፎቶ አይከለክሉም፤ ሙሉ ፕሮግራም ሲሆን ግን አስቀድሞ መነጋገር ነው። የዛገው ቆርቆሮ ጣሪያ ባሕር ይመስል ተዘርግቶ የሚታየው ከዚያ ብቻ ስለሆነ ይገባዋል።

የሙከራ ቀን

ጓደኞቼ የሆኑ አዲስ ተጋቢዎች ሰንጠረዡን ለመሞከር ፈቀዱልኝ። ሙሽራዋ ሐበሻ ቀሚስ ለጠዋት፣ ቀለል ያለ ረጅም ቀሚስ ለማታ ይዛለች። ከተማዋ ሙስሊም ናት፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ይገባል፤ ሐበሻ ቀሚስ ይህን ያለ ምንም ጭንቀት ያሟላል። በአደባባይ መሳሳም የለም። ስለዚህ የማስተምራቸው ሌላ ነው፦ አብሮ መራመድ፣ አንዱ ለሌላው አንድ ነገር በጆሮ መናገር፣ ነጠላ ማስተካከል፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ማዕዘን መዞር። ካሜራ ፊት የሚያፍሩ የእኛ ልጆች ለዚህ ይመቻሉ።

«እህቴ፣ በዚህ ታኮ አልችልም» አለችኝ ገና ጠዋት። የመንገዱ ድንጋይ ሌሊት በዘነበው ያንሸራትታል፤ ባሏም «አንቺ አውልቂው፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ ተቀበላት። ነጠላ ጫማ አምጥቼላት ነበር፤ ቀሚሱ ስለሚሸፍነው አይታይም። ለሁሉም ጥንድ አሁን «ጠፍጣፋ ጫማ አምጡ» እላለሁ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረን ጊዜንጋ ላይ ተራመዱ፤ ሱቅ አልተከፈተም። 3 ሰዓት ላይ ወደ ውስጡ ቅያስ ገብተን የበራውን ግድግዳ ያዝን። 4 ሰዓት ላይ በሮቹ፣ ከዚያ ቡና። ከ5 ሰዓት ጀምሮ ሥራ የለም፤ ወደ ሆቴላቸው ሄደው ተኙ። የቀትሩ እረፍት በሰንጠረዡ ላይ የማይነካ ነው፤ ላብና ድካም ፊት ላይ ይቀራል፣ ማታ አይጠፋም።

ማታ ሚዚንጋኒ ላይ ጀምረን ወደ ሻንጋኒ ስንወርድ ፎሮዳኒ ላይ ያለው ሰው ብዛት አዘገየን። ከመጨረሻዎቹ 25 ደቂቃዎች ግማሹ በመንገድ አለቀ። ሻንጋኒ የደረስነው ቀይዋ ፀሐይ ውሃውን ልትነካ ስትል ነው። ጥሩ ፎቶ አገኘን፣ ግን ለመምረጥ የሚበቃ አልነበረም። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ ሻንጋኒን በመጥለቂያዋ ሰዓት፣ ፎሮዳኒን ከጠለቀች በኋላ በገበያው መብራት። ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ፋኖሶቹ በዚያ ፊት ያምራሉ።

አሁን ያለበት

ጠዋት ጊዜንጋ፣ የሁሩምዚ ቅያሶች፣ የፈቀዱልን በሮች። ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዲስፔንሰሪው፣ ከዚያ ያለማቋረጥ ሻንጋኒ፣ በመጨረሻ ፎሮዳኒ። ለሰገነት የሚሆን አንድ ምግብ ቤት በመጠባበቂያ አለ።

ዝናቡ ነው ያልተሠራው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማሲካ የሚባለው ትልቁ ዝናብ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ትንሹ ይዘንባል። ለዚያ ጊዜ ጣሪያ ያለውና ብርሃን የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል። የድሮ ቤት የነበሩ ሆቴሎች ውስጣዊ ግቢያቸው ተመራጭ ነው፤ ከላይ ክፍት ሆኖ ዙሪያውን በረንዳ አለው፣ በረንዳው ላይ ጥንዶቹ ሳይረጥቡ ከሰማይ የሚወርደውን ብርሃን ያገኛሉ። ባልደረባዬ ሁለቱን ሊያነጋግር ሄዷል። የረጠበው ቅያስ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግድግዳውን እንደ መስታወት ስለሚያሳይ እሱንም በሰንጠረዡ ላይ «ከዝናብ በኋላ» በሚል አስገብቼዋለሁ፤ ጃንጥላው ጥቁር ሳይሆን ቀይ ይሁን፣ ለነጩ ቀሚስ ይስማማል።